ቀሪ

ሰባተኛው ካርቶን ገመዱ ሲፈታ፣
ደቻቱ ሸተተኝ ከነጎርፉ ሽታ፤
ውሃ የላሰው ጠርዝ፣ ምስጥም ያነበበው፣
ከኔ በፊት ስንቱ ገልጦ የጨረሰው።

ከዚራ፣ ከሰዓት። ኒሙ አይነቃነቅ፤
ማራገቢያው ብቻ ይላል ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።
ቅጹን እሞላለሁ።
የሰነዱ ባለቤት፦ ሣህለ ድንግል ወርዶፋ።
ሥራ፦ ገንዘብ ያዥ፣ የድሬዳዋ ቅርንጫፍ።
ሌላ፦
ሌላ የሚለው ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።

ሒሳብ መዝገብ አለ፣ ጀርባው የተላጠ፣
የግሪኩ ውል አለ፣ ሰሙ የቀለጠ፤
ስንት ግመል ቡና፣ ስንት ፈረሱላ፣
ባቡር ስንት ወሰደ፣ ስንት ቀረ ኋላ፤
ደግሞ የአውራ ጣት ረድፍ፣ በሰማያዊ ቀለም፤
ዕዳው በቁጥር አለ፣ የባለዕዳው ስም የለም።

ገልበጥ ሳደርገው
በጀርባው ግጥም ነው።

በዚያው ቀጭን ብዕር፣ በዚያው ጠባብ ዓምድ፣
«ወለድ» ከሚል ቃል ሥር፦
«የሰው ብር ይወልዳል በእጄ ላይ አድሮ፣
የኔ ቤት ባዶ ነው፣ አምናም ሆነ ዘንድሮ።»
ፈገግ አልኩ ብቻዬን።
ስንት ባንከኛ ወለድ ሲያሰላ ኖሮ
ቃሉን እንዲህ አድርጎ የወለደው የለም።

አንድ ደብዳቤም አለ፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት፦
ሙቀቱ ቀለሙን በብልቃጡ አደረቀው፣
ለመዝገብ ሥራ የሚሆን ይላክልኝ፣ ይላል።
ለግጥም ነው አይልም። ማን ይሰማዋል?
እነሱም ግማሽ ጠርሙስ ሰደዱለት፣
ከነደረሰኙ፣ ከነማስጠንቀቂያው።
የት እንዳለቀ አሁን እኔ አውቃለሁ።

ከዚያ ነሐሴ ዐሥራ ሦስት።
አንድ ቅጠል፣ አንድ ቀን፣ አንድ እጅ።
ፊቱ ትእዛዝ ነው፦
ሮዳ አደም፣ መጋላ፣ ሁለት ክፍል ቤት፣
ሰማንያ ስድስት ጠገራ ብር ያልተከፈለ፤
ቤቱ ይታሸግ፣ ቁልፉ ለባንኩ ይግባ።
ማኅተሙ ቀጥ ያለ። አንድ ስርዝ የለበት።

ጀርባውን ባዞረው፦
«በሯን ልዘጋ ሄጄ ውሃ አቀረበችልኝ፣
ጠጣሁት፣ ቀዝቃዛ ነው፤ ይቅር አይበለኝ።
ቁልፉ በኔ ኪስ ነው፣ ቤቱ ግን በሷ ዓይን፤
የቱን ነው ያሸግሁት፣ ደጁን ወይስ ራሴን?»
እዚህ ስርዙ ብዙ ነው።
«ይቅር»ን ጽፎ ፍቆ፣ ጽፎ ፍቆ፣
ወረቀቱ እስኪሳሳ፣
ትእዛዙ በወዲያ በኩል እስኪታይ ድረስ።

አደነቅሁት።
ከዚያ ተናደድሁ።
እንዲህ መጻፍ የሚችል እጅ
ቁልፍ መመለስ እንዴት አቃተው?
ለሷስ ማን አነበበላት ይህን?
እዚሁ ናት እኮ፣ ከትእዛዙ ግርጌ፣
አውራ ጣቷ፣
ጎርፍ አልፎ ሲደርቅ ደቻቱ አሸዋ ላይ
እንደሚቀር መስመር።

ኢክራም ከወዲያኛው ጠረጴዛ ጮኸችብኝ፤
«ለይተሽ አስቀምጪ! ሒሳቡ ለባንኩ፣
ግጥሙ ለቅርስ ክፍል፤ መኪናው ነገ ይመጣል።»
መለየትስ በለየሁ።
ወረቀት ሁለት ፊት እንጂ
ሁለት ገላ የለውም።

የመጨረሻው መዝገብ፣ የመጨረሻው መስመር
«ቀሪ» ይልና ቁጥር የለውም።
ብሩ ነው የቀረው፣ ወይስ ሰውየው?
ከሥራ የቀረበት ቀን ይሆን፣
ቃሉን ብቻ ልኮ?
አገላበጥኩት። የሚቀጥለው ገጽ በሌላ ሰው እጅ ነው፣
ሥርዓት ያለው፣ ግጥም የማያውቅ፣
በሦስት ብር የማይሳሳት።

ድሮ ባቡሩ ይጮህ በነበረበት ሰዓት
ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ።
ለዚያች ለአንዲቷ ቅጠል አዲስ ቅጽ አወጣሁ።
የሰነዱ ባለቤት፦ ሮዳ አደም፣ መጋላ።
ሥራ፦
አላውቅም። መዝገቡ አልጠየቃትም።